ነብሮ የት የት ስሞሻል?

ባለፈው ወር አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ልጇን ውሻ ቧጭሮት፣ ቁስሉ ላይ ቡና ነስንሳ፣ በሻሽ አስራ ትምህርት ቤት ይዛው መጣች። «ጭረት ናት፤ ደም እንኳ በደንብ አልወጣውም» አለችኝ። ልቆጣት ፈልጌ አፌ አልታዘዝ አለኝ፤ እኔም ያንኑ ቡና ነስንሼ አውቃለሁና። ልጁን ቧንቧ ሥር አስቀምጠን እጁን በሳሙና እያጠብን በ2011 ክረምት የእብድ ውሻ በሽታ እኛ ቤት ገብቶ የሆነውን ነገርኳት። ከዚያ ወዲህ «ይህን ለምን አትጽፊውም?» እያለች ነዘነዘችኝ። ውሻም ላምም ሕፃንም በአንድ ግቢ የምታሳድጉ ብዙ ናችሁና ይኸው።

እኔ መምህር ነኝ፣ ባለቤቴ ብየዳ ቤት አለው። ባሕር ዳር መሃል ከተማ ለዓመታት ተከራይተን ከኖርን በኋላ በ2008 ከዓባይ ማዶ፣ አማቴ ወዳሉበት ወደ ዘንዘልማ ወጣን። አማቴን ልጆቹም እኔም እምዬ ነው የምንላቸው። መሬቱ ሰፊ አይደለም፤ ጥቂት በቆሎ፣ ጥቂት ዝሆኔ ሣር፣ ሁለት የማንጎ ዛፍ፣ ከኋላ በረት። እዚያ ግቢ ውስጥ ግን ከተማ ሳለን ያላየነውን ኑሮ አየን። ወርቂት የምትባል የፎገራ ላም ነበረችን፤ ነጭና ጥቁር፣ የወረታን ረግረግ ሜዳ የለመደች፣ ጭቃ የማትፈራ። ማታ ማታ እምዬ ማለቢያውን በወይራ አጥነው ሲቀመጡ ድመቷ ከአንድ ጎን፣ ትንሿ ልጄ ከሌላው ጎን ተሰልፈው የመጀመሪያዋን ጉንጭ ይጠብቃሉ። ትልቁ ልጄ ከሐይቁ ዳር ቀረሶ ገዝቶ ሲመጣ ጭንቅላቱ የድመቷ፣ አጥንቱ ደግሞ እንዳይወጋው ብንሰጋም የውሻው ነበር።

የዶሮዎቹን ነገር በአጭሩ ልለፈው። በ2009 ለፋሲካ ብዬ ከገበያ አራት ዶሮ ገዝቼ የዚያኑ ቀን ከነባሮቹ ጋር ቀላቀልኳቸው። በሳምንት ውስጥ ፈንግል አሥራ አንድ ዶሮ ፈጀብኝ። አዲስ የገባ ዶሮ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለብቻው መቀመጥ እንዳለበት ያወቅሁት ያኔ ነው። የፈንግል ክትባት በዓይን ላይ የሚንጠባጠብ ነው፤ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ስለሚሆን ከጎረቤት ጋር ተሰባስቦ ማስከተብ ይቀላል። «ከእንግዲህ ክትባት አያመልጠኝም» ብዬ ምዬ ነበር። መሐላዬ ለዶሮዎቹ ብቻ ሆኖ ቀረ።

ውሻችን ነብሮ ይባላል፤ ቡናማ ላይ ጥቁር ዥንጉርጉር ስለነበረ። ዓይኑ እንደተከፈተ በባለቤቴ ጃኬት ኪስ ገብቶ ነው የመጣው። ትንሿ ልጄ በእሱ ጀርባ ተደግፋ ነው መቆም የለመደችው ብል አላጋነንኩም። ታዲያ ይህን ውሻ አላስከተብነውም። የውሻ ክትባት በቀበሌያችን የተሰጠ ቀን እኔ ፈተና እያረምኩ፣ ባለቤቴ ሥራ ላይ ነበርን። «ከግቢ የማይወጣ ውሻ ምን ያገኘዋል?» ተባባልን። አጥራችን የእሾህና የጭራሮ አጥር ነው። እሱ ባይወጣ ሌላ እንደሚገባ አላሰብንም።

የገባው ግንቦት 27 ሌሊት ነው። ነብሮ እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። ባለቤቴ ባትሪ ይዞ ሲወጣ አመድማ መልክ ያለው የማናውቀው ውሻ በአጥሩ ሥር ሾልኮ ሄደ። በረት ውስጥ ወርቂት ስትራገጥ፣ ግርግሙን ስትመታ ሰምተናል፤ ደንግጣ ነው አልን። ጠዋት ነብሮ ጆሮው ተተርትሮ አገኘነው፤ ባለቤቴ ቅባት ቀባለት። ላሟን ግን ዞር ብሎ ያያት የለም። እግሯን፣ አፍንጫዋን፣ ከንፈሯን የነካ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ልጄ ከሐይቁ ዳር ወሬ ይዞ መጣ። አሳ አጥማጆቹ የአሳ ሆድዕቃ የሚጥሉበት ቦታ ውሾች ይሰበሰባሉ፤ እዚያ አንድ አመድማ ውሻ ያገኘውን ሁሉ ሲነክስ ሰዎች ደብድበው ገደሉት አለን። «ተገላገልን» አልን። እምዬ እንኳ «እሰይ» ብለዋል። ትልቁ ስህተታችን የትኛው እንደሆነ ሰው ሲጠይቀኝ ይህችን «እሰይ» ነው የምጠቅሰው። ያን ቀን ነብሮንም ወርቂትንም ለእንስሳት ሐኪም ማሳየት ነበረብን። ያልተከተበ ውሻ በእብድ ውሻ ከተነከሰ ወይ ለወራት ታስሮ ይጠበቃል፣ ወይ ይወገዳል። ሁለቱም ይመርራሉ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ያህል ግን አይመርሩም።

አምስት ሳምንት ያህል ምንም የለም። ቁስሉ ድኖ ጠጉር አብቅሏል። ሐምሌ ሲገባ ነብሮ ከጎተራው ሥር ገብቶ ጨለማ ላይ መተኛት ጀመረ። ብንጠራው ዓይኑን ብቻ ያዞራል። ድምፁ ተለወጠ፤ ጉሮሮው ውስጥ ጨርቅ የተወተፈበት ይመስል ነበር። የጎተራውን እግር ያኝካል። መንጋጋው ላላ ብሎ ለሀጩ ይንጠባጠባል። ባለቤቴ «ይህ ልጅ አንድ ነገር ሆኗል» ሲል እኔ የውኃ ሳህን አቀረብኩለትና ምላሱን ነከር አደረገ። «ውኃ ጠጥቷል! ያበደ ውሻ ውኃ ይፈራል፤ ይሄ ጉንፋን ነው» አልኩ፤ በሙሉ ልብ። አስተማሪ ነኝ እኮ።

ውኃ የሚፈራው ሰው ነው። በሽታው የያዘው ውሻ ወደ ውኃው ሊሄድ፣ ሊነክር፣ ሊጠጣም ይሞክራል፤ መዋጥ ነው የሚያቅተው። ሁሉም ደግሞ አረፋ እየደፈቀ በየመንገዱ አይሮጥም። እንደ ነብሮ ፀጥ ብሎ ጥግ የሚይዝ አለ። እንደዚህ ያለው የባሰ አደገኛ ይመስለኛል፤ ሰው ያዝንለታልና ይጠጋዋል። የድምፅ መለወጥ፣ የመንጋጋ መላላት፣ ብርሃን መሸሽ፣ ያልለመደውን እንጨትና ድንጋይ ማኘክ፤ ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ ልጆቹን ቤት አስገቡና በሩን ዝጉ፤ ከዚያ ስለ ውሻው ታስባላችሁ።

የሐምሌ አቦ ማግስት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ትልቁ ልጄ ያኔ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፣ አጥንት ይዞ ጎተራው ሥር ገባ። የሰማሁት የልጄን ጩኸት ሳይሆን ዝምታውን ነው። ሲወጣ ቀኝ ክንዱን በግራ እጁ ይዞ፣ በጣቶቹ መሃል ደሙ እየወረደ፣ «እማ፣ አላወቀኝም» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ባለው ግማሽ ሰዓት ያደረግነው ሁሉ ስህተት ነበር። ቡና ነሰነስኩበት፣ በነጠላዬ ጫፍ ጥርቅም አድርጌ አሰርኩት። ጎረቤት ተሰብስቦ ነብሮን ገደለው፤ እነሱ አይወቀሱም፣ ሌላ ሰው እንዳይነክስ ነው። ሬሳውን ግን ጎትተው ገደል ጣሉት፣ ማታ የሰፈሩ ውሾች እንዲበሉት። መቅበር ነበረብን፤ ከዚያም በላይ ለእንስሳት ሐኪም ቢነገረው ከጭንቅላቱ ናሙና ተወስዶ በሽታው ይረጋገጥ ነበር። የነከሰው ውሻ ጤነኛ መስሎ ከታየና ያለ ስጋት ማሰር ከተቻለ ደግሞ አትግደሉት፤ አሥር ቀን ይጠበቅ። አሥሩን ቀን በጤና ካለፈ በነከሰበት ሰዓት በሽታው በምራቁ አልነበረም ማለት ነው። እስከዚያ ግን ልጁ ክትባቱን መጀመር አለበት፤ ውሻው እስኪታወቅ ብሎ መጠበቅ የለም።

ግቢያችን ሸንጎ ሆነ። አንዱ ጎረቤታችን የውሻ መድኃኒት የሚያውቅ ሰው እንዳለ ነገረን። «እስካሁን የሞተበት የለም። አንድ ነገር ብቻ ነው የሚከለክለው፤ መድኃኒቱን የጠጣ ሰው አርባ ቀን ወንዝ አይሻገርም።» ባለቤቴ አየኝ። ሆስፒታሉ ያለው ከዓባይ ማዶ ነው። ያኔ ያለው አሮጌው ድልድይ ብቻ ነበር፤ በዚያም ሆነ በዚያ መሻገር አይቀርም። እንግዲህ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ሊሆንብን ነው። እውነቱን ልናገር፣ ባለቤቴ ወደ መድኃኒት አዋቂው አዘንብሎ ነበር፤ እኔም አልተቃወምኩትም።

እምዬ በረንዳው ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ያሻሉ ነበር። እንደሳቸው ጾም፣ ጠበል፣ ስለት የሚያጠብቅ ሰው አላውቅም፤ ስለዚህ ምን እንደሚሉ የገመትኩ መስሎኝ ነበር። «ታላቅ ወንድም ነበረኝ» አሉ። እኔ ከዚያ በፊት ወንድም እንደነበራቸው ሰምቼ አላውቅም፤ ባለቤቴም አልሰማም። «መድኃኒት ጠጣ፤ ወንዝ አልተሻገረም፤ አርባውን ቆጠርን፤ ዳነ ብለን ደገስን። በመስቀል ሰሞን ጠማኝ አለኝ። ዋንጫውን ሳቀርብለት ጉሮሮው ተያዘ። ጠማኝ ይላል፣ ዋንጫውን ሲያይ ይንቀጠቀጣል። ጠማኝ ይላል፣ ይንቀጠቀጣል። የያዝኩት እኔ ነበርኩ።» ከዚያ ተነሥተው ነጠላቸውን አጣፉ። «ጠበሉ የትም አይሄድም። ልጁ መጀመሪያ ድልድዩን ይሻገር።»

በኋላ ሳስበው፣ የመድኃኒት አዋቂዎቹ ስም የሚጠነክረው ለዚህ ይመስለኛል፦ የነከሰ ውሻ ሁሉ በሽታው የለበትም፣ በበሽተኛ ውሻ የተነከሰም ሁሉ አይታመምም። ስለዚህ ከጠጡት ብዙዎቹ ይድናሉ፤ ባይጠጡም ይድኑ ነበር። በሽታው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ወር፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ተደብቆ ይቆያል። አርባ ቀን ምንም አይነግርም። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ግን የሚያድን ሕክምና የለም፤ የሚሠራው ክትባት ከምልክቱ በፊት የተወሰደው ነው።

የሄድንበት የመጀመሪያው ጤና ተቋም ክትባቱ አልቋል፣ ሰኞ ተመለሱ አለን። ተመልሰን ልንወጣ ስንል ባጃጅ ነጂው፣ ልጅ እግር ነው፣ «እትዬ፣ ሰኞ ሩቅ ነው» አለኝና ራሱ ወደ ሁለተኛው ወሰደን። እናንተም ሰኞ ከተባላችሁ በር ላይ አትቁሙ። ክትባቱ የት እንደሚገኝ እዚያው ያሉትን ጠይቁ፣ ስልክ አስደውሉ፣ ከግል መድኃኒት ቤት መግዛት ካለባችሁም በበረዶ ይዛችሁ እንድትመጡ ይነግሯችኋል፤ ቅዝቃዜው መጠበቅ አለበት።

ሁለተኛው ቦታ ያገኘናት ሲስተር ነጠላዬን ፈትታ ቡናውን ስታይ አልተቆጣችም። ልጁን ቧንቧ ጋ ወስዳ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ታጥበው ጀመር። እኔ ሁለት ደቂቃ አልፎ «ይበቃዋል» ስል፣ ሰዓቷን አሳየችኝ። አሥራ አምስት ደቂቃ። ሳሙናው ቫይረሱን ይገድለዋል፣ ውኃው ያጥበዋል፤ «ይህን ቤት ሆናችሁ ብታደርጉት ኖሮ ግማሹን ሥራ ጨርሳችሁ ነበር የምትመጡት» አለች። ቡናው፣ ቅቤው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ጥብቅ ማሰሩ ሁሉ ይጎዳል። ቁስሉን ወዲያው አይሰፉትም። ጥልቅ ስለነበረ ከክትባቱ ሌላ ኢሚውኖግሎቡሊን የሚባለውን፣ ቫይረሱን ወዲያው የሚከላከለውን መድኃኒት፣ ቁስሉ ዙሪያ ወጉት። እንደ ልብ የሚገኝ ነገር አይደለም፤ ያን ቀን እግዜር አድሎን ተገኘ።

ከዚያ «ሌላስ ማን ተነክሷል?» ብላ ጠየቀች። «ማንም» አልን ሁለታችንም በአንድ አፍ።

ትንሿ ልጄ፣ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ቀሚሴን ይዛ ቆማለች። ሲስተሯ ቁጢጥ አለችና ዓይኗ ትይዩ ሆነች። «ነብሮ ይወድሽ ነበር አይደል?» አለቻት። ልጄ ራሷን ነቀነቀች። «ነብሮ የት የት ስሞሻል?»

ልጄ መጀመሪያ እጇን ዘረጋች። አይበሉባዋ ላይ ቀጭን የጥርስ ጭረት፤ ቀልታለች። ከዚያ ጣቷን ከንፈሯ ጥግ ላይ አደረገች፤ እዚያ ክረምት በገባ ቁጥር የሚሰነጠቅባት ቦታ አለ። ከሁለት ቀን በፊት ጎተራው ሥር ገብታ አቅፋው ተኝታ ነበር። ለምን እንዳልነገረችኝ ስጠይቃት፣ «እንዳትገድሉት» አለች።

እኛ ስንቆጥር የቆየነው ደምን ብቻ ነበር። በሽታው የሚመጣው በምራቅ ነው፤ የተሰነጠቀ ከንፈር፣ የተላጠ ጉልበት፣ የዓይንና የአፍ ውስጥ ሥጋ ላይ ካረፈ እንደ ንክሻ ይቆጠራል። ልጆቻችሁን «ነክሶሻል?» ብላችሁ አትጠይቁ። ልጅ ለሚወደው እንስሳ ይዋሻል። ሲስተሯ እንደጠየቀችው ጠይቁ።

ሁለቱም ጀመሩ። በዜሮ ቀን ማለትም በጀመሩበት ዕለት፣ በሦስተኛው፣ በሰባተኛው፣ በአሥራ አራተኛውና በሃያ ስምንተኛው። እንደ ድሮው ሆድ ላይ በየቀኑ የሚወጋው አይደለም፤ ክንድ ላይ ነው፣ ልጄ «ከንብ ንድፊያ ይሻላል» ብሎታል። ሰባተኛው ቀን ላይ የዘመድ ተዝካር ገጥሞን «ነገ ብንወስዳቸውስ?» ብዬ ነበር። እምዬ «ተዝካሩን እኔ እበላላችኋለሁ» ብለው አባረሩን። ሃያ ስምንተኛው ነሐሴ 4 ላይ ዋለ። ያን ቀን ስንመለስ ድልድዩ ላይ ቆመን ውኃውን አየን። ያለቀ መስሎን ነበር።

ነሐሴ 11፣ ፍልሰታ ሊፈታ አምስት ቀን ሲቀረው፣ ወርቂት መኖዋን ተወች። ጥጃዋን ስትገፋ አየኋት፤ እሷ ጥጃዋን ገፍታ አታውቅም። ከሰዓት በኋላ አፏን ከፍታ መጮህ ጀመረች፤ የላም ጩኸት አይመስልም፣ ሲጎትቱት የሚያፏጭ በር ነው የሚመስለው። ለሀጯ እንደ ገመድ እስከ መሬት ይወርዳል። ያን ሰሞን እሸት በቆሎ ደርሶ ስለነበር ባለቤቴ «ቆረቆንዳ ጉሮሮዋ ላይ ተሰንቅሮባት ነው» አለ። ሁላችንም አመንነው። እጅጌውን እስከ ትከሻ ጠቀለለና ምላሷን በግራ እጁ ይዞ ቀኝ እጁን እስከ ክርኑ አስገባ። ምንም የለም። ደግሞ አስገባ። ሲያወጣው መንጋጋዋ አይበሉባውን ቧጨረው። እምዬ «አይዞሽ እናቴ፣ አይዞሽ» እያሉ በዚያ በተሰነጣጠቀ እጃቸው ለሀጯን ይጠርጉላታል።

አስቡት፤ አንድ ወር ሙሉ ስለ ምራቅ ስንማር የከረምን ሰዎች ነን።

የእንስሳት ሐኪሙ በማግስቱ መጣ። ወጣት ነው። በረቱ በር ላይ ቆመና እጁን አጣምሮ አያት። አልተጠጋም። ለአሥር ደቂቃ ያህል አፉን አልከፈተም። የኋላ እግሯ ሲወላከፍ አየ፣ ስትጮህ ሰማ፣ ከዚያ ሳይዞር፣ «በዚህ ሁለት ሦስት ወር ውስጥ ውሻ ገብቶባችሁ ነበር?» አለ። ባለቤቴ የግንቦቱን ሌሊት ነገረው። «እጁን አፏ ውስጥ ያስገባ አለ?» ባለቤቴ አልመለሰም፤ ክንዱን ማየት ጀመረ።

ከብት ያላችሁ ይህችን አንድ ነገር ያዙልኝ። ለሀጯ የሚወርድ፣ መዋጥ ያቃታት፣ ድምፅዋ የሰለለ ላም ስታዩ እጃችሁን አፏ ውስጥ አታስገቡ። በእርግጥ ቆረቆንዳ ሊሆን ይችላል፤ ድንችም፣ ፌስታልም ይሆናል። እሱን የሚለየው ጓንት ያለው ሐኪም ነው። እስኪመጣ ከሌሎቹ ለይታችሁ አጥብቃችሁ እሰሯት፤ ውኃና ሣር ብታስጠጉላትም በረዥም እንጨት ገፍታችሁ ይሁን።

ሥጋ ነጋዴው ከሐኪሙ ቀጥሎ ደረሰ፤ ማን እንደነገረው አላውቅም። ፍልሰታ ሊፈታ ነው፣ ቅርጫ የሚፈልገው ሰው ብዙ ነው፣ ፎገራ ደግሞ ሥጋዋ ይታያል። የጠራው ብር ለልጆቹ ክትባት የወጣውን ሸፍኖ ይተርፋል። «ነገ ትሞትባችኋለች፤ ዛሬ ብትታረድ ማን ያውቃል?» አለ። አልዋሽም፣ ባለቤቴ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሏል። ያራጁ እጅ፣ ራሱን የሚበልተው ሰው፣ ምላስ ሰንበር ብለው የሚወስዱ ጎረቤቶች፤ ሐኪሙ ይህን አንድ በአንድ ሲቆጥር ነጋዴው ጥላውን ይዞ ወጣ። ነሐሴ 14 ማለዳ ሞተች። የዕድር ወንዶች ሁለት ሜትር ያህል ጉድጓድ ቆፍረው፣ ኖራ ነስንሰው፣ ላዩን በድንጋይና በእሾህ ከደኑት። ከመቀበሯ በፊት በጓንት ናሙና ተወስዶ ነበር፤ ውጤቱ ያው የፈራነው ሆነ።

ሲስተሯ እንደገና ስታየን «ውሻው ስንት ነው?» አለች፤ እንግዲህ ይህ ቀልዷ ነው። ባለቤቴና እምዬ ከዜሮ ጀመሩ፣ አምስቱንም። ልጆቹ ወርቂትን በእጃቸው ያበሏት ስለነበር ተደገመላቸው፤ ሙሉውን የወሰደ ሰው ድጋሚ ቢጋለጥ ሁለት ብቻ ይበቃዋል፣ በዜሮና በሦስተኛው ቀን። ለዚያ ነው የክትባት ካርዱን መጣል የማይገባው። ስለ ወተቱም ጠየቅኳት፤ ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነበር። ጾም ስለነበረ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ማንም አልጠጣም፤ ልጆቹም ፍልሰታን ከሁሉ አስበልጠው ነው የሚጾሙት። ለቅቤ ብለን ያጠራቀምነውን እርጎ ቀበርነው። በደንብ የፈላ ወተት እንደማያሰጋ፣ ጥሬውን ግን ከታመመ ከብት መጠጣት እንደማይገባ ነገረችኝ። እኛ ቤት ከዚያ ወዲህ ወተት ሳይፈላ ከማለቢያው አይጠጣም። ድመቷ አልተስማማችም።

እምዬ ድልድዩን አምስት ጊዜ ተሻገሩ፤ በእያንዳንዱ መሻገር ላይ ወደ ዓባይ አማትበው አንድ ነገር ያጉረመርማሉ። ለወንድማቸው ይሆናል፣ አልጠየቅኳቸውም።

የወርቂት ጥጃ የአራት ወር ልጅ ነበረች። እናቷን ጠብታለችና ስድስት ወር ለብቻዋ ትቀመጥ ተባልን። ስድስት ወር ጥጃ ሳይዳስሱ ማሳደግ ምን እንደሚመስል ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ባለቤቴ ከብየዳ ቤቱ ረዥም እጀታ ያለው የውኃ ባልዲ ሠራላት። ልጄ ከሩቅ ሆና መዝሙር ትዘምርላት ነበር። ጤነኛ ሆና ወጣች፤ በ2014 ወለደች፤ አሁን የምናልበው እሷን ነው።

አጥሩን ቀየርነው፣ ሥሩን በድንጋይ ገነባነው። የአሳ ሆድዕቃና አጥንት ግቢ አይጣልም፤ ይቀበራል፣ የባዘነ ውሻ የሚስበው እሱ ነው። ከቧንቧው አጠገብ ሁልጊዜ አንድ ቁራጭ ሳሙና በገመድ ተንጠልጥሏል፤ ሳሙናው ለልብስ ሲወሰድ የምቆጣውን ያህል በሌላ ነገር አልቆጣም። ድመቷም ትከተባለች፤ ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፣ ግን ድመትም ይይዛታል፤ ስትቧጭር ደግሞ ማን ይቆጥራል?

ውሻ እንደገና አናሳድግም ብለን ነበር። ስድስት ወር ያህል ቆምንበት። በ2012 የካቲት አንዲት ጎረቤት ቡችላ ይዛ መጣችና ትንሿ ልጄ ሦስት ወር እስኪሞላው ስም አላወጣለትም አለች፤ ክትባቱ የሚጀመረው በሦስት ወሩ ነው። ደጋግሜ ብለምናትም እምቢ አለች። ግንቦት ልደታ ዕለት ሐኪሙ ካርዱን አውጥቶ «ስሙ ማነው?» ሲላት ግራ ገባትና ካርዱን አየችው፤ ከዚያ «ባለካርዱ» አለች። ሐኪሙ እየሳቀ እንደዚያው ጻፈው። መንደሩ ሁሉ እንደዚያው ይጠራዋል። ልደታን የመረጥነው እንዳይረሳ ነው፤ ቀኑ ሲደርስ እምዬ ንፍሮ ይቀቅላሉ፣ እኛ ውሻውን ይዘን እንወጣለን። አንድ ዓመት ባጃጅ ጠፍቶ በእግራችን ወስደነዋል፣ ሲመለስ መንገድ ላይ ተኝቶ አልነሣም ብሎ ልጄ ተሸክማው ገባች። በመጪው ግንቦት ስድስተኛው ነው።